«ምንም አልበቀለም» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

በሥራ ዘመኔ ከፈረምኩባቸው ወረቀቶች ሁሉ በቃሌ የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ቃል ነው፤ «ምንም አልበቀለም» ይላል። ዛሬም የትኛውም የሙያ ባልደረባዬ ቢያየው እንከን አያወጣለትም። በዚያ ወረቀት ምክንያት ግን አንድ አዛውንት ወደ ሞት ሲንሸራተቱ አይቻለሁ።

ሰናይት እባላለሁ። አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አላነሳም፤ ጥፋቱ የሕንጻው አይደለም። ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እናቴ ባረፈች በዓመቷ ነው። አባቴን ቀድሜ አጥቻለሁ፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ወደ ጉደር መውጫ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። ቅዳሜና እሑድ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት ለበር ጠባቂው «እንደምን አደሩ» ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይሻክረኝ ነበር። ሥራዬን የወደድኩትም ለዚያ ይመስለኛል። ላቦራቶሪ ለብቸኛ ሰው ይመቻል፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰው ደም ጋር ነው የሚውሉት።

ኅዳር ነበር። ጤፍ የሚታጨድበት፣ ገጠሩ ሁሉ ማሳ ላይ የሚውልበት ወቅት። ኦቦ ደቻሳን ጎረቤቶቻቸው ከእጃጂ በፒክአፕ ጭነው አመጧቸው። አንጀታቸው ታጥፎ ነበር። በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ጎረቤቶቻቸው ሁለት ቀን ከጎናቸው ቆዩና እህላቸው ማሳ ላይ እንዳይረግፍባቸው ተመለሱ። ኦቦ ደቻሳ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። በወንዶች የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ በየአልጋው ሥር ምግብ የሚያቀርብ፣ ላብ የሚጠርግ፣ ነጠላ አንጥፎ የሚተኛ ዘመድ ሞልቷል። የእርሳቸው አልጋ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስላቸው እየዳነ ሳለ ትኩሳት ያዛቸው። ጠንካራ ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣቸው፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። የምታክማቸው ዶክተር ሌንሳ ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ ሥራዋን የምታከብር ሰው። ሆዱ ተከፍቶ ብዙ ፀረ ባክቴሪያ የወሰደ ሰው ደሙ ውስጥ ፈንገስ ሊገባበት እንደሚችል ታውቃለች። እርሾ የሚመስል፣ እየተከፈለ የሚባዛ ፈንገስ ነው። ደም ተቀድቶ ልዩ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እንዲታይ ፈለገች። ጠርሙሱ ግን አልነበረንም፤ አልቆብን ስንጠብቅ ነበር። ሰውዬው እየደከሙ ስለሄዱ ሰኞ ዕለት ፀረ ፈንገሱን አስጀመረቻቸው። ትክክል ነበረች።

ጠርሙሶቹ ረቡዕ ደረሱ። ደሙን ልቀዳ የሄድኩት እኔ ነኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደቻሳ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፤ ገለታ ዋቃ። ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። «ዛሬ ስንተኛዋ ነሽ? ጠዋት ሁለት ወግተውኛል።»

«ሦስተኛዋ ነኝ። እኔ ግን አላሳምምም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብለው ፈገግ አሉ።

ክንዳቸውን ሳስር ቀና ብዬ ምሰሶውን አየሁ። የፀረ ፈንገሱ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ስሙን አነበብኩት። ከሌላው ክንዳቸው ደም ቀዳሁ፤ ደም ሥር በቀላሉ ማግኘቴን አደነቁልኝ። የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «በሽተኛው እየወሰደ ያለው መድኃኒት» የሚል መስመር አለ። ባዶ ነበር። ባዶውን አየሁት። እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አልጻፍኩም።

ለምን እንዳልጻፍኩ ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አትጠይቁኝ። ስንፍና አልነበረም። «የሐኪሙ ሥራ ነው» ብዬ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሰውዬው ያን ጊዜ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ሥራ ካልበዛብሽ ትንሽ ተቀመጪ» ስላሉኝ ይሆናል። «ኢንታላ ኮ» በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው። ከእናቴ ሞት ወዲህ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቴን እርሳቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ማሳለፍ ያዝኩ። ሾርባ በቴርሞስ ይዤ እሄዳለሁ። እርሳቸው ትራስ ተደግፈው በተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ሒሳብ ይሠራሉ፤ ራሳቸው ያወጡትን ጥያቄ ራሳቸው ይፈቱታል። «ጭንቅላት እንደ ማሳ ነው፣ ካላረሱት አረም ይበላዋል» ይሉኛል። በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ እኔም እንደዚያው። ትኩሳታቸው እየቀነሰ፣ ፊታቸው ላይ ደም እየተመለሰ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙሶቹ የሚቆዩበትን ማሞቂያ ከፍቼ የእርሳቸውን አወጣና ብርሃን ላይ አየዋለሁ። በውስጡ ነገር የሚበቅልበት ጠርሙስ ይደፈርሳል። የእርሳቸው አልደፈረሰም። ሐሙስ ጥርት ያለ ነበር፤ ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም። ደስ እያለኝ ነበር የማየው፤ ምን ይሉታል፣ ለዘመዴ የማየው ያህል።

ሰኞ አምስተኛው ቀን ሞላ። በእኛ ደንብ አምስት ቀን ሙሉ ያልበቀለ ውጤት ይጻፋል። ጻፍኩ። ፈረምኩ። ራሴ ይዤ ሄጄ ለዶክተር ሌንሳ ሰጠኋት።

«እሰይ» አለች ወረቀቱን አይታ። «ፈንገስ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒቱ ጉበታቸውን እያስቸገረው ስለነበር ጨንቆኝ ነበር። በቃ እናቆመዋለን።»

በዚያች ቅጽበት አፌን ልከፍት እችል ነበር። የተንጠለጠለውን ከረጢት ያየሁት እኔ ነኝ። ግን እርሷ «እሰይ» ብላለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ማክሰኞ መድኃኒቱ ተቋረጠ።

ሐሙስ ትኩሳቱ ተመለሰ። አመጣጡ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ጥርሳቸውን እያንገጫገጨ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እያስደረበ ነው የመጣው። ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ተጨመረላቸው። ዓርብ በምሳ ሰዓት ስሄድ ደብተሩ ደረታቸው ላይ ተዘርግቶ፣ እርሳሱ መሬት ወድቆ አገኘሁት። ከንፈራቸው ደርቋል። ሾርባውን አንድ ማንኪያ ቀምሰው መለሱት።

«ኢንታላ ኮ፣ ይሄን ቁጥር አንብቢልኝ» አሉኝ ደብተሩን እያቀበሉኝ።

«አንድ መቶ ሃያ አምስት።»

«ነጥብ የለውም?»

«የምን ነጥብ?»

«እኔ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ነው የማየው። ከትናንት ጀምሮ ነጥብ በሌለበት ነጥብ አያለሁ። ዓይኔን ሳዞር ነጥቧም አብራኝ ትዞራለች። በግራ ዓይኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ጭስ ለብሷል።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሐኪሟ አልነገርኳትም። እርጅና ነው ትለኛለች ብዬ» አሉ።

ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ ሳልል ጭንቅላቴ ውስጥ ቆመ። ደም ውስጥ ያለ ፈንገስ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ሌላውም ተከተለ፤ ይህኛው መድኃኒት ፈንገሱን ወዲያው አይገድለውም፣ እድገቱን ነው የሚይዘው። በተቀዳው ደም ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱም አለ፤ አብሮ ወደ ጠርሙሱ ይገባል። እዚያም ሆኖ ይዞት ይቀመጣል። እኔ አምስት ቀን ሙሉ ጥርት ብሎ ያየሁት ፈሳሽ ንጹሕ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ወደ ላቦራቶሪ ሮጬ የቆዩትን ቅጾች አገላበጥኩ። የእርሳቸውን አገኘሁት። መስመሩ አሁንም ባዶ ነው። ኃላፊያችን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ ቅጹን አይቶ ወረቀቱን አይቶ፣ «ሰናይት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አምስት ቀን ጠበቅሽ፣ ያየሽውን ጻፍሽ። ወረቀቱ ትክክል ነው» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ብቸኝነት እናቴ ስትቀበርም አልተሰማኝም። የሚወቅስ ሰው ቢኖር እኮ ሸክሙን ለሁለት እንይዘው ነበር።

ዶክተር ሌንሳን ፍለጋ ወጣሁ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበረች። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ሰዓት ጠበቅኋት። ሰዎች ያልፋሉ፣ አልጋ ይገፋል፣ እኔ ቅጹን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ተከሳሽ ቆሜያለሁ። ስትወጣ ሰላምታም አልሰጠኋት።

«ዶክተር፣ የኦቦ ደቻሳ ደም የተቀዳው መድኃኒቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። ስቀዳ ከረጢቱ ተንጠልጥሎ ነበር። አይቼዋለሁ።»

ጭንብሏን አወረደች። «እና ውጤቱ…»

«ውጤቱ ምንም አይነግረንም። ፈንገሱ ኖሮ መድኃኒቱ አፍኖት ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ በግራ ዓይናቸው ጭስ ነው የሚያዩት፣ ነጥብም ያያሉ።»

ቅጹን ከእጄ ወስዳ አየችው። «ለምን አልጻፍሽውም?»

«መስመሩ ባዶ ነበር። ባዶውን ተውኩት።»

«ባዶ አድርጌ የላክሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ ደከመ። «መቼ እንደተቀዳም አልጠየቅሁም። ያስጀመርኩትን መድኃኒት ራሴ ረሳሁት።» ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «አሁኑኑ ድገሚ። ከሁለቱም ክንድ፣ በዛ አድርገሽ። ደሙ እንደተቀዳ መድኃኒቱን እጀምራለሁ፤ ውጤት አንጠብቅም።»

መድኃኒቱ ከተቋረጠ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ከደማቸው አብዛኛው ወጥቷል ማለት ነው። ክፍሉ ስንደርስ ዶክተር ሌንሳ በትንሿ የዓይን መመልከቻ ግራ ዓይናቸውን ዝቅ ብላ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ከኋላ ነጫጭ ነገር አለ» አለችኝ በሹክሹክታ።

በዚህ ጊዜ ቅጹን የሞላሁት መርፌውን ከመንካቴ በፊት ነው። የትኛው መድኃኒት፣ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደቆመ። ኦቦ ደቻሳ ስጽፍ ያዩኛል። «ዛሬ ብዙ ጻፍሽ» አሉኝ። ክንዳቸውን አሰርኩ።

ቅዳሜ ጠርሙሶቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። እሑድ ተረኛ ባልሆንም ገባሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከግራ ክንድ የተቀዳውን ጠርሙስ አንስቼ መስኮት ላይ ስይዘው ከሥሩ ስስ ደመና ተነሳ። አንድ ጠብታ ወስጄ ቀለም ቀባሁና ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። ክብ ክብ፣ ሞላላ፣ ከጎናቸው ሌላ ትንሽ ክብ የሚያወጡ። እርሾ። በየቦታው ሞልቷል።

አለቀስኩ። የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ በደንብ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለተገኘ ይሁን ስላመለጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዶክተር ሌንሳ ስደውልላት ወዲያው መጣች። መድኃኒቱ እንዲቀጥል፣ ኦቦ ደቻሳ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ አዲስ አበባ ለዓይን ሐኪም እንዲታዩ ወሰነች። አምቡላንስ ሰኞ ጠዋት ተዘጋጀ። ነርሷ አብሯቸው የሚሄድ አስታማሚ ጠየቀች።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ከመሄዳችን በፊት ግን መናገር ነበረብኝ። አልጋቸው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ መድኃኒትዎ የተቋረጠው እኔ በጻፍኩት ወረቀት ነው። በሽታው አለ፤ ያኔም ነበር ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ ሊሸፍነው እንደሚችል መጻፍ ነበረብኝ። እያየሁ አልጻፍኩም።»

በደህናው ዓይናቸው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዓይኔ ይድናል?»

«አላውቅም።»

«ማን አብሮኝ ይሄዳል?»

«እኔ። ካልፈለጉኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ሰው ከየት ታመጪያለሽ?» አሉ አሁንም ወደ ግድግዳው እንዳዩ። «አንቺው ነይ።»

ከአምቦ እስከ ጊንጪ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከጊንጪ እስከ አዲስ ዓለምም እንዲሁ። አምቡላንሱ ሲንገጫገጭ ሆዳቸውን እይዝላቸዋለሁ፤ እጄን አላስወገዱትም፤ አልጨበጡትምም። ሆለታን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ነው የተናገሩት።

«ስንት ዓመት ፈተና አርሜአለሁ መሰለሽ። ያልሠራ ተማሪ ወረቀቱ ባዶ ይመጣል። ዜሮ እሰጠዋለሁ። አንድ ጊዜ የአንዷ ልጅ አባት መጥቶ፣ ‹ልጄ በዚያ ቀን ወባ ይዟት እርሳስ መያዝ አቅቷት ነበር› አለኝ። ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ዜሮ ነው አልኩት። ሕጉን ነው የነገርኩት። ልጅቷ በዚያው ትምህርቷን ተወች።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስሟን እንኳ አላስታውስም። አንቺ መጥተሽ ነግረሽኛል። እኔ ሄጄ አልነገርኳትም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከአዲስ አበባ ተመልሰን አምቦ የቀጠለው ሕክምና ሳምንታት ፈጀ። ደማቸው ጸዳ፤ በዚህ ጊዜ ሲቀዳ መድኃኒት ላይ እንደነበሩ ስለምናውቅ ደጋግመን እየቀዳን፣ ሕክምናውንም ሳናሳጥር ነው ጸድቷል ያልነው። ቀኝ ዓይናቸው ተረፈ። ግራው ግን ረፍዶበት ነበር፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በላይ አላለፈም። ሁለት ቀን ቀድመን ብንነቃ ይድን ነበር ወይ ብዬ የዓይን ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። «ይህን ማንም አይነግርሽም» አለኝ። በዚህ መልስ ነው የምኖረው።

እናንተ አንባቢዎች፣ ይህን የጻፍኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከመካከላችሁ የታመመ ሰው ይዞ ሆስፒታል ያልገባ የለም፤ ወደፊትም ትገባላችሁ። ደም ሊቀዳ የመጣውን ሰው ንገሩት፤ «ይህን ይህን መድኃኒት ወስዷል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» በሉት። ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ የገዛችሁትንም አትደብቁ። ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ እኔ አልጠየቅሁም ነበርና። «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁም «ምንም የለም» ማለት እንዳልሆነ እወቁ። ይህ ፈንገስ ያለ መድኃኒትም ቢሆን ከደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። ለዚህ ብላችሁ ግን ሕክምና አታዘግዩ፤ ደሙ ይቀዳ፣ መድኃኒቱም ይጀመር፤ መቅደም ከቻለ ደሙ ይቅደም፤ ካልቻለ ይጻፍ።

እኔ ዛሬም እዚያው ላቦራቶሪ ነኝ፤ ዛሬም ብቻዬን እኖራለሁ። ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ግን አልቀበልም። ቅጹን ይዤ ደረጃ ወጥቼ አልጋው ድረስ እሄዳለሁ፣ በሽተኛውን አናግራለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ነገር አጥባቂ ይሉኛል፤ ይሁን።

ኦቦ ደቻሳ ከሆስፒታል የወጡ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የእጃጂ ሚኒባስ እየሞላ ነበር። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ወርጄ ከመኪናው ጎን ቆምኩ። ሞተሩ ሲነሳ እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። እርሳቸው እኔን ፍለጋ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አሉ፤ ለካ የቆምኩት በማያዩበት ዓይናቸው በኩል ኖሯል። ወደ ሌላው ጎን ልዞር ስሮጥ መኪናው ወደ አስፋልቱ ወጣ። አቧራው እስኪተኛ ድረስ እጄን ሳላወርድ ቆየሁ።